በአርባ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ብሩን እንዴት ታብቃቁታላችሁ?

ደመወዝ በወር ይመጣል። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ግን በሴሚስተር፣ በአንድ ጊዜ፣ ጠቅላላው ይጠየቃል። ቤት የሚያስተዳድር፣ ልጅ የሚያስተምር፣ እድርና እቁብ ያለበት ሰው ትምህርት ጀምሮ ሲያቋርጥ፣ ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ከብዶት አይደለም። እነዚህ ሁለቱ አልገጥም ብለውት ነው። እኔም እዚህ የምጽፈው ሁለቱን እንዴት እንደምታገጥሟቸው ነው።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። በአንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል እሠራለሁ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ሦስት ልጆች አሉን። እኔ ትምህርት ቤት በጨረስኩበት ዘመን ከተማችን ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በ1999 ነው። ሐረማያ ወይም አዲስ አበባ መሄድ ያልቻልን ብዙዎቻችን ዲግሪውን ለሌላ ጊዜ አስተላለፍነው። ያ ሌላ ጊዜ አሁን ሆኖ በእረፍት ቀናት ፕሮግራም አካውንቲንግ እየተማርኩ ነው። ክፍላችን ውስጥ ነርስ አለች፣ የባቡር ሠራተኛ አለ፣ ታይዋን ገበያ ሱቅ ያለው ነጋዴ አለ። የምነግራችሁ ከራሴም ከእነሱም ያየሁትን ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት

መደበኛ ተማሪ ሆኖ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው በወጪ መጋራት ይማራል። ድርሻውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ላይ ቀስ በቀስ ይከፍላል። የማታና የእረፍት ቀን ተማሪ ግን በክሬዲት አወር፣ ማለትም እያንዳንዱ ኮርስ በሚይዘው የሰዓት መለኪያ፣ ተሰልቶ ከኪሱ ይከፍላል። ሥራችሁን ሳትለቁ የምትማሩ ከሆነ እናንተ ሁለተኛው ውስጥ ናችሁ።

የግል ኮሌጅ ካሰባችሁ ከዋጋው በፊት ፈቃዱን ጠይቁ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም። ለትምህርት ዘርፉ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ፣ ማለትም ለመደበኛ፣ ለማታ ወይም ለርቀት፣ ለየብቻው ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ፈቃድ አለው ማለት ድሬ ያለው አለው ማለት አይደለም። በርካሽ ከፍሎ ዕውቅና የሌለው ወረቀት መያዝ ከሁሉም የከፋ ኪሳራ ነው። የአራት ዓመት ድካም ነው የሚጠፋው።

ከዚያ መሥሪያ ቤታችሁን አነጋግሩ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የትምህርት ፈቃድም ሆነ የገንዘብ ድጋፍ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ የሚወሰን ነው። ስለዚህ የድርጅታችሁን የኅብረት ስምምነት ከሠራተኛ ማኅበሩ ጠይቃችሁ አንብቡ። ከፊል ክፍያ የሚሸፍኑ ድርጅቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ከትምህርቱ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እንድታገለግሉ ያስፈርማሉ። ያንን ዝርዝር ሳታነቡ አትፈርሙ። ዲግሪው የደረጃ ዕድገት ያመጣ እንደሆነም አሁኑኑ ጠይቁ። ዲግሪ ስለያዛችሁ ብቻ ደመወዝ ላይጨመር ይችላል፤ ብዙ ቦታ ክፍት መደብ ወጥቶ መወዳደርን ይጠይቃል። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው ተመርቆ አይበሳጭም፣ በተስፋም አይበደርም።

ስሌቱ

አሁን ወረቀት አውጡ። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ተኩባቸው።

አንድ ክሬዲት 400 ብር ይሁን። በሴሚስተር 15 ክሬዲት ብትወስዱ 6,000 ብር ነው። መመዝገቢያ 300 እንበል። ለፎቶ ኮፒ፣ ለፕሪንትና ለኢንተርኔት 900 ያዙ። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ያቆማል። 7,200 ነው ይልና እችለዋለሁ ብሎ ይመዘገባል።

ቅዳሜና እሑድ ለ16 ሳምንት ስትመላለሱ 32 ቀን ይሆናል። ባጃጅ ሁለት ጊዜ የምትቀያይሩ ከሆነ ደርሶ መልስ 60 ብር ይሁን። ምሳና ሻይ 120። በቀን 180 ብር መሆኑ ነው። በ32 ቀን ስታባዙት 5,760 ይመጣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መንገድና ምሳ ብቻቸውን ከትምህርት ክፍያው ጋር ተስተካከሉ ማለት ይቻላል። ጠቅላላው 12,960 ብር ነው። ለስድስት ወር ሲካፈል በወር 2,160።

በወር ከደመወዛችሁ ላይ መለየት ያለባችሁ ይቺን የመጨረሻዋን ቁጥር ነው። ፍሪጅ ላይ ለጥፏት።

አንድ ወጪ ደግሞ ደረሰኝ ስለሌለው አይታይም፤ የሚቀርባችሁ ገቢ ነው። በሕጉ በሳምንት እረፍት ቀን የትርፍ ሰዓት የሠራ ሠራተኛ የመደበኛውን ሁለት እጥፍ ይከፈለዋል። እሑድ እየገባችሁ ያንን ስታገኙ የኖራችሁ ከሆነ፣ ክፍል ስትገቡ እሱ ይቆማል። ያለፈውን ዓመት የደመወዝ ወረቀት አውጡና ከትርፍ ሰዓት በአማካይ በወር ስንት እንዳገኛችሁ ደምሩ። ቤታችሁ በዚያ ገንዘብ ሲኖር ከነበረ፣ ወጪው 2,160 ሳይሆን ከዚያ በላይ ነው።

የድሬ ዓመት

በጀት ስትሠሩ ወሮቹን እኩል አትዩአቸው። እኩል አይደሉም።

የነሐሴ ደመወዝ ጳጉሜንና መስከረምን ተሸክሞ 35 ቀን ይሄዳል። ደመወዛችን 12 ነው፤ ወራችን ግን 13። በዚያው ውስጥ እንቁጣጣሽ አለ፣ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ መስቀል አለ። የእናንተም ምዝገባ በዚያው ሰሞን ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሴሚስተር ክፍያ ከነሐሴ ደመወዝ ሊወጣ አይችልም። ከሚያዝያ ጀምሮ የተጠራቀመ መሆን አለበት።

ቀጥሎ ታኅሣሥ አለ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። ድሬ የሚኖር ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ከአዲስ አበባ ዘመድ ይመጣል፣ የዘመድ ጎረቤት ይመጣል፣ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ይነጠፋል። እንግዳ በረከት ነው፤ እኔ ከልቤ ነው የምቀበለው። ግን ዘይቱና ሽንኩርቱ ከከፊራ ገበያ የሚገዛው በገንዘብ ነው። ከዚያ አሥር ቀን ቆይቶ ገና ይመጣል። ጥር ላይ ጥምቀትና ሰርግ ይከተላሉ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ አካባቢ ነው የሚወድቀው፤ የሁለተኛው ምዝገባም ሩቅ አይደለም። የእንግዳውን ወጪ ከጥቅምት ጀምሮ ለብቻው ቋጥሩት። ከምዝገባው ብር ጋር አንድ ላይ ካስቀመጣችሁት እንግዳው ይበላዋል።

ረመዳንና ኢድ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያሉ ስለሚመጡ፣ የዘንድሮውን በጀት ለሚቀጥለው ዓመት እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ሙስሊም የክፍል ጓደኞቼ በየዓመቱ መስከረም ላይ ቀን መቁጠሪያ ይዘው አዲስ ይሠራሉ። ክርስቲያኑም ቢሆን ጎረቤቱ ኢድ ሲሆን ባዶ እጁን አይገባም።

ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ነው። ሁለተኛው ሴሚስተር የሚያልቀው እሳት በሚነድበት ሰሞን ነው። ቬንትሌተር ሳይከፍቱ ማጥናት አይታሰብም፤ መብራት ይቆጥራል። እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ነው የማጠናው። ነፋሻ ነው፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ቬንትሌተሩም ይዘጋል።

እቁቡን ለትምህርት ማዋል

የወሩን ገንዘብ ወደ ሴሚስተር ክፍያ ለመቀየር ከእቁብ የተሻለ ነገር አላውቅም። የምመክረው እንዲህ ነው። 12 ዕጣ ያለበት የወር 2,000 ብር እቁብ ፈልጉ። አንድ ሙሉ ዕጣ ከመያዝ ይልቅ ሁለት ግማሽ ዕጣ ያዙ። ሁለቱንም ከሌላ ሰው ጋር ትጋራላችሁ። በወር የምትከፍሉት ያው 2,000 ነው። ግን 24,000 በአንድ ጊዜ ከሚመጣ 12,000 ሁለት ጊዜ ይደርሳችኋል። አንዱ ለመስከረም፣ አንዱ ለየካቲት።

ዕጣ መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን እቁቡ ሲመሠረት ዳኛውንና ጸሐፊውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። በመሥሪያ ቤት እቁብ ተራውን በስምምነት መያዝ የተለመደ ነው፤ በዕጣ ከሆነም መለዋወጥ ይቻላል። ለትምህርት ክፍያ ነው ስትሉ ሰው ይረዳችኋል፤ የእኛ ከተማ ሰው በዚህ አይታማም። ዋስ ግን አዘጋጁ። ዕጣውን ቀድሞ የበላ ሰው ዋስ ይጠየቃል።

ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ግን ለዚህ ጉዳይ እቁብ አትግቡ። ሁላችሁም ብሩን የምትፈልጉት በአንድ ወር ነው። ከነጋዴ፣ ከጎረቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ሰው ጋር ሲሆን የእናንተ ችግር የእነሱ አይሆንም።

እቁብ የማይመቻችሁ ከሆነ ሌላ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ደመወዝ የሚገባበት አይሁን፤ ሞባይል ባንኪንግም አታስገቡበት። ወለድ የማትፈልጉ ከወለድ ነፃ ሒሳብ ብዙ ባንክ ይከፍትላችኋል። የሠራተኞች ብድርና ቁጠባ ማኅበር ካላችሁ ደግሞ እሱ ይበልጣል። ቁጠባው ከደመወዝ ላይ በቀጥታ ስለሚቆረጥ እጃችሁ አይገባም፤ ሲቸግራችሁም በቆጠባችሁት መጠን ብድር ታገኛላችሁ። በስልክ የሚገኘውን የአጭር ጊዜ ብድር ግን ለምዝገባ አትውሰዱ። ብዙ ጊዜ ወር ሳይሞላ ይጠየቃል፤ የሚቀጥለው ደመወዝ ሳይመጣ ያልቃል።

እንደ ባለቤቴ ገቢው በጉዞ የሆነ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። የሹፌር አበል ወረፋና ድንበር ላይ መቆም ስላለው አይታመንም። እኛ ቤት ቀለብና ኪራይ ከእኔ ደመወዝ ነው የሚወጣው። እሱ ከጉዞ ሲመለስ ካመጣው ላይ መጀመሪያ የእቁቡ ይነሳል፤ ቀሪው ለቤት ይሆናል። ሌላ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ ከተረፈ ብላችሁ አታቆዩት፤ አይተርፍም። ይህን የምለው በተለይ ለእናቶች ነው። የልጆች ክፍያ ግዴታ፣ የእናት ክፍያ ከተረፈ የሚባልበት ቤት ብዙ ነው። የእናንተም ግዴታ ነው። ከልጆቹ ዝርዝር ጎን በእኩል ጻፉት፣ ለባለቤታችሁና ለትልልቆቹ ልጆች አሳዩአቸው።

እድሩ አይነካ

ገንዘብ ሲጠብ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እድር ማቆም ነው። ተዉ። ሐዘን ቀን አይመርጥም፤ እድር ከሌላችሁ አንድ ሐዘን የሁለት ሴሚስተር ክፍያ ይዞ ይሄዳል። ችግሩ መዋጮው አይደለም፤ ቅጣቱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ክፍል ስትሆኑ ቀብር ትቀራላችሁ፣ ድንኳን ተከላ ትቀራላችሁ፣ የወር ስብሰባው እሑድ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ቅጣቱ ተደምሮ ይመጣል። ትምህርት ስትጀምሩ ለዳኛው በጽሑፍ አሳውቁ። ተተኪ የሚቀበል እድር ከሆነ የሚተካችሁን አስመዝግቡ። የእኔ ትልቋ ልጅ ስሟ ተመዝግቧል፤ እኔ ፈተና ላይ ስሆን እሷ ትሄዳለች። የሥራ ቀን ማታ ደግሞ ለቅሶ ለመድረስ አልቀርም። ሰው ይህን ያያል።

ሰርግ ላይ ስጦታውን ቀንሱ እንጂ አትቅሩ። የምታዋጡት ገንዘብ ልክ እንደቀነሰ የቅርብ ዘመድ ቀድሞ ይወቅ፤ ሰው የሚቀየመው ሳይነገረው ሲቀር ነው።

ከየት ይቀነሳል?

መጀመሪያ ከምሳው። ከላይ ባለው ስሌት ምሳና ሻይ በሴሚስተር 3,840 ብር ነው። ክፍላችን ውስጥ ያለን ሴቶች ምሳ ዕቃ ይዘን እንመጣና ከዛፍ ሥር አንድ ላይ እንበላለን። ወንዶቹም እየተቀላቀሉ ነው። በእኛ ሙቀት ግን የሚያዝ ነገር ይመረጣል። ቲማቲም የበዛበት ወጥ እስከ ቀትር ይኮመጥጣል። ደረቅ ፍርፍር፣ ቂጣ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ ይቆያል። ውኃም ከቤት ያዙ፤ ማታ ፍሪዘር ውስጥ ያደረ ጠርሙስ እስከ 9 ሰዓት ቀዝቃዛ ነው። ሻዩን ግዙ። ከሰው ጋር ሻይ መጠጣትን አትቁረጡ፤ ሀንድአውቱም መረጃውም የሚገኘው እዚያ ነው።

ላፕቶፕ ገና አትግዙ። የመጀመሪያው ዓመት በስልክ ያልቃል። እኛ ጋ ላፕቶፕ የግድ የሚሆነው ኤክሴልና ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ሲመጣ ነው። ያኔም ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ ያገለገለ ስትገዙ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አሠሩት፤ ባትሪው የሚታወቀው ያኔ ነው። ሻጩ ስሙንና ስልኩን ጽፎ ደረሰኝ ይስጣችሁ።

ፎቶ ኮፒ በቡድን ይሁን። መምህሩ የሰጠውን ፋይል ቴሌግራም ላይ አንብቡ፤ የሚታተመው ጥያቄና መልመጃው ብቻ ነው። ፊትና ጀርባ ይሁን።

ጫትን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። አገራችን ነው፤ ማንንም አልነቅፍም። ግን በየቀኑ በርጫ የሚቀመጥ ሰው የሳምንቱን ወጪ በ16 ሳምንት አባዝቶ ይየው። ብዙ ወንድሞች ክፍያ አጥተን ነው ያቋረጥነው ይላሉ፤ ሒሳቡን ቁጭ ብለን ስንሠራው ክፍያው እዚያ ውስጥ ነበር። ገንዘቡ ብቻም አይደለም፤ ከሰዓት በኋላውም አብሮ ይሄዳል። አቦ፣ ለፈተናው ወር እንኳን አቁሙት።

ኤፍ ስንት ነው?

ኮርስ መውደቅ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ኤፍ ብታገኙ በእኛ ስሌት 1,200 ብር እንደገና ትከፍላላችሁ። ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነም ዓመት ትጠብቃላችሁ። ለሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ እሱም አብሮ ይዘገያል። ስለዚህ ሥራና ቤት የያዘ ሰው በመጀመሪያው ሴሚስተር ክሬዲት እንዲቀነስለት ቢጠይቅ አያፍርም። የክፍያውም መጠን ይቀንሳል፤ ማለፉም ይቀላል። መሀል ላይ ካልቻላችሁ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። ሬጅስትራር ሄዳችሁ በቅጽ አቋርጡ። ሳያስታውቅ የቀረ ሰው ከፍሎም ኤፍ ይሰጠዋል።

የዓመት ፈቃዳችሁን ለፈተና አስቀምጡ። በሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አሥር ዓመት የሠራ ሰው ለሁለቱም ሴሚስተር ፈተና የሚበቃ ቀን አለው። ከአለቃችሁ ጋር መስከረም ላይ ተነጋገሩና በፈቃድ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡት። ጥር ሲደርስ ብትጠይቁ ሌላው ሰው ቀድሞ ይዞት ይጠብቃችኋል።

የመጨረሻው ዓመት የራሱ ወጪ አለው። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ የመንግሥትም የግልም፣ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ደብተራችሁን አትጣሉ፤ በአራተኛው ዓመት እንደገና ስታፈላልጉ ፎቶ ኮፒ ይበላችኋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ማሳተሚያና ማስጠረዣ አለ፣ ጋውን አለ፣ ፎቶ አለ። ድግሱን አቅማችሁ በፈቀደው ልክ አድርጉት፤ ለድግስ ብድር አትግቡ። ለዚህ ሁሉ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዙ።

የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ክላሰር ያዙ። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ስትከፍሉ የመጣውን መልእክት ፎቶ አንሱና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፤ ስልክ ይጠፋል። የወረቀት ደረሰኝ ቀለሙ በሙቀት ስለሚለቅ በተቀበላችሁት ቀን ኮፒ አድርጉት። ስትመረቁ ክሊራንስ ይጠየቃል፤ ያኔ የአንድ ሴሚስተር ክፍያ መዝገብ ላይ ካልተገኘ ከፍያለሁ የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም። እኔ ንብረት ክፍል ስለምሠራ ከክላሰሩ ፊት አንድ ወረቀት አለኝ፦ ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የብር መጠን፣ ሴሚስተር። ምዝገባ ጨርሼ ከሬጅስትራር መስኮት ሳልለይ ነው የምሞላው። ቁጥር ወይም ስም ተሳስቶ ከሆነ እዚያው ቆሜ አስተካክላለሁ።